የጉናው አውሮፕላን ጭራ

እኛ አገር ነገር የሚወደደው ለጥቅሙ ነው። ላም ለወተቷ፣ በቅሎ ለጀርባዋ፣ ዘመድም ለክፉ ቀኑ። ለምንም የማይረባ ነገር የሚወድ ሰው ሲገኝ ጎረቤት መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ ጠበል ይመክራል። እናንተም ብትሆኑ በየጓዳችሁ እንዲህ ያለ አንድ ነገር አታጡም፤ ብልህ ስለሆናችሁ ለሰው አታሳዩም እንጂ። የኔው ባል ግን የሚወደውን መደበቅ አይሆንለትም ነበር። የሚወደው አውሮፕላን ነዋ።

ያውም የዘመኑን አይደለም። ሌላዋ ሴት በጎረቤቷ ትቀናለች፤ እኔ የቀናሁት እኔ ሳልወለድ በበረሩ አውሮፕላኖች ነው። መላኩ ደብረ ታቦር ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ቢላዋውንና ሞረዱን ይዞ ይቀመጥና ከዋንዛ እንጨት፣ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከሽቦ የጥንት አውሮፕላኖችን አሳንሶ ይሠራል። ክንፋቸው የተደራረበ አሉ፣ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ አሉ። ሠርቶ ሲጨርስ በክር ከጣሪያው ላይ ያንጠለጥላቸዋል። ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ አጎንብሶ ስለሚያልፍ፣ የማያውቀን ሰው በደብረ ታቦር እንደኛ የተከበረ ቤተሰብ የለም ሊል ይችል ነበር። የሰፈር ሴቶች ደግሞ «ልጁ ሳይመጣ መጫወቻው በዛ» ይሉኛል። እስቃለሁ። ሲሄዱ አልስቅም።

አንድ ዓመት መላኩ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቤተ መዘክር ላቋቁም ብሎ ተነሣ። ርእሰ መምህሩም ደግ ሰው ስለነበሩ የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበትን ክፍል ፈቀዱለት። ወንበሮቹ ግን አልወጡም፤ ምናልባት እነሱም ቅርስ ናቸው ተብሎ ይሆናል። ለክፍሉ የጎደለው እውነተኛ አውሮፕላን ብቻ ነው ይለኝ ጀመር፣ ጨው ስለጎደለው ወጥ የሚያወራ ይመስል።

ጊዜው ግን ስለ አውሮፕላን የሚወራበት አልነበረም። ደርግ ሊያበቃለት ሲል ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወሬ ደጃችን ደርሷል። የጦር አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ገበያው ጸጥ ይላል፤ ነጋዴውም ገዢውም አንገቱን ቀና አድርጎ ድምፁ እስኪርቅ ይጠብቃል። በዚህ መሐል ነው እኔ፣ የጤና ረዳት ነበርኩና፣ ጉና ሥር ላሉ መንደሮች ክትባት እንዳደርስ የታዘዝኩት። መላኩም በጣሊያን ጊዜ አንድ አውሮፕላን እዚያ ወድቋል ሲባል ሰምቶ ኖሯል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር።

«ሣጥንሽን የሚይዝልሽ ሰው አያስፈልግሽም?» አለኝ።

«በቅሎ አለችኝ።»

«በቅሎ አታወራም።»

«ለዚያ ነው የምወዳት።»

አብረን ሄድን።

የጉና ብርድ እንደ ናፋቂ ዘመድ ነው፤ አንዴ ካቀፈ አይለቅም። እኔ ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ሆኜ ሕፃናት ስከትብ መላኩ ቤት ለቤት ይዞራል። የሚፈልገው አውሮፕላን ከወደቀ ጀምሮ ወደ ቤት ዕቃነት ተዛውሮ ቆይቷል። አንዱ ቤት የቀፎ ክዳን ሆኗል፣ ሌላው ቤት ድንች ይከመርበታል፣ አንደኛው ዘንድ የጣሪያ አሸንዳ ነው። መላኩ ግን እያንዳንዱን ስብርባሪ በመዳፉ እየዳሰሰ ይሄዳል። ባየው ሰው ፊት አፈርኩ፤ ትንሽም አዘንኩለት።

ዋናውን ያገኘው እመት ደብሬ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የአውሮፕላኑ ጭራ የግልገሎቻቸው ጉረኖ መዝጊያ ነበር። በዚያ ብርድ ግልገል የሚያድረው ከሰው ጋር ስለሆነ ጭራው ከምድጃው ፊት ለፊት ቆሞ ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲጠጣ ኖሯል።

«ማን ነው የጣለው፣ እመት ደብሬ?» አላቸው መላኩ።

«ማን ይጥለዋል ልጄ። ጉም ነበር። ሲያጉረመርም ሰማነ፣ ወዲያው ከገደሉ ሲላተም ሰማነ። ከዚያ ዝም አለ። አባቴ ሰዎቹን ቀበሯቸው፤ ብረቱን አገሩ ተካፈለው።»

«ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡኝ?»

«ልስጥህ። ከግልገሎቼ ጋር ግን አንተ ታድርልኛለህ ወይስ ቀበሮው?»

መላኩ አጣና ለምኖ፣ መጋዝ ተውሶ፣ ሲገዘግዝና ሲመታ ውሎ አዲስ መዝጊያ ሠራላቸው። እመት ደብሬ ከፍተው ዘጉት፣ ደግመው ከፍተው ዘጉት። «ከፊተኛው ይሻላል፤ ሲዘጋ አይጮህም» አሉ። ጭራውን በብርድ ልብሳችን ጠቅልለን በቅሎዋ ላይ ጫንነው። ከተጋባን ወዲህ መላኩን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም፤ በሠርጋችን ቀንም ቢሆን።

ደስታው እስከ ኬላው ድረስ ቆየ።

ወደ ከተማው መግቢያ ኬላው ላይ የቆሙት ሁለት ሚሊሻዎችና አንድ ወጣት ካድሬ ናቸው። ካድሬው የሚናገረው ቀስ ብሎ፣ በትሕትና ነው። ከሚጮህ ባለሥልጣን የሚያመልጡበት መላ አለ፤ ከትሑቱ ግን እንዴት እንደሚመለጥ የነገረኝ የለም። የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ መለሰልኝ።

«ክትባት ይላል። ይኼ የተጠቀለለውስ ምንድን ነው ጓድ መምህር?»

እኔ ብሆን የጉረኖ መዝጊያ ነው እል ነበር፤ ደግሞም እውነት ነው። መላኩ ግን ሁልጊዜ ትልቁን እውነት የሚመርጥ ሰው ነው።

«የአውሮፕላን ጭራ ነው» አለ።

አንደኛው ሚሊሻ ብርድ ልብሱን ገለጠው። ጭራው ላይ ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ቆሟል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የገዛ አገራችን ባንዲራ። ከኋላዬ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያኖቹ ያን ጊዜ የአውሮፕላናቸውን ጭራ በባንዲራቸው ቀለም ይቀቡ ኖሯል፤ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ። ነጩ ግን የእመት ደብሬን ጭስ ጠጥቶ እንደ አሮጌ ብራና ቢጫ ሆኗል። ይህን መላኩ ያውቃል። ኬላው አያውቅም። ኬላው የሚያውቀው ያን ሰሞን አንድ የመንግሥት አውሮፕላን በላያችን ወደ ሰሜን አልፎ ሳይመለስ ቀረ የሚለውን ወሬ ነው። ወሬ ነው ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን ስንቱ ሰው በወሬ ሄዶ ቀረ።

«የት ነው የወደቀው?» አለ ካድሬው፣ እንደዚያው ቀስ ብሎ። «ማን መታው? አብራሪውን የት አደረጋችሁት?»

ጫማችንን አስወልቀው መሬት ላይ አስቀመጡን። መላኩ ማስረዳት ጀመረ። የጣሊያን ነው አለ፣ መሐሉ ነጭ ነው አለ፣ ስለ ክንፉና ስለ ሞተሩ ቀጠለ። ስለ አውሮፕላን ይህን ያህል ማወቁ ራሱ እያጠፋን እንደሆነ እኔ ከካድሬው ፊት ላይ አነበብኩ።

«እኔ የማየው ቢጫ ነው» አለ ካድሬው። «አንተስ?» ብሎ ሚሊሻውን ጠየቀው።

«ቢጫ ነው፣ ጓድ።»

«ጭስ ነው፤ ይለቃል» አለ መላኩ።

«እንግዲያው አልቅቀውና አሳየኝ።»

መዳን በእጃችን ገብቶ ባለቤቴ ያመነታል። ወደኔ ዘንበል ብሎ «ቀለሙ የሞተ ነው፤ ከተነካ አብሮ ይነሣል» አለኝ። ልብ በሉ፣ ጠመንጃ ተቀባብሎብናል። እሱ የሚሳሳው ለቀለሙ ነው። ያን ጊዜ ላንቀው ቃጣኝ። ግን ዓይኑን ሳየው ለራሱም ፈርቶ እንደነበር አወቅሁ። ሁለት ፍርሃት አንድ ላይ መጥቶበት የቱን እንደሚያስቀድም ጠፍቶት ነው።

«እኔ ልጥረገው» አልኩና ተነሣሁ።

ከሣጥኔ ጥጥና አልኮል አወጣሁ። የሕፃናት ክንድ በምጠርግበት እጅ የጣሊያንን ጭራ መጥረግ ያዝኩ። መጀመሪያ የመጣው ጥላሸት ነው። ጥጥ ለወጥኩ። ቢጫው እንዳለ ነው። ሚሊሻው ጉሮሮውን ጠረገ። አጥብቄ አሸሁት፤ ክንዴ ዛለ፤ አሁንም ቢጫ። ምናልባት መላኩ ተሳስቶ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ብርድ። ሦስተኛውን ጥጥ አርሼ አንዱን ቦታ ብቻ ደጋግሜ ስጫነው ቢጫው እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ሥሩ ነጣ። ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር ብቅ አለች። ከዚያ በኋላስ ማን ያቆመኛል። ከዳር እስከ ዳር አወረድኩት። ከዳሩ የአረንጓዴው ቅርፊት ተላጦ ጥጡ ላይ ቀረ፤ መላኩ ዓይኑን ጨፈነ።

ካድሬው ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። የተማረ ነው፤ ባንዲራውን አወቀው።

«የጣሊያን ነው» አለ።

ሚሊሻው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። እፎይ ልል ስል ካድሬው ቀና አለ።

«እንግዲህ ጓድ መምህር፣ የፋሺስት ወራሪ ባንዲራ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መዞር ምን ይባላል?»

ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። ቅድም የመንግሥት አውሮፕላን የጣልን ፀረ ሕዝቦች ነበርን፤ አሁን ደግሞ የጠላት ባንዲራ አሟቂዎች ሆንን። መላኩ አፉን ከፈተ። ስለ ቤተ መዘክር ሊያስረዳ እንደሆነ ገባኝና ቀደምኩት።

«ጓድ፣ ነብር የገደለ ሰው ቆዳውን ምን ያደርገዋል? ቤቱ አይሰቅለውም?»

ካድሬው እየተንጎራደደ ያስብ ጀመር። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። «ማነው ገዳዩ ታዲያ?» አለ። ማንም ከመመለሱ በፊት ራሱ መለሰው። «ገበሬው ነዋ። የጉና ገበሬ።» መላኩ ስለ ጉሙ ሊናገር መሰለኝ፤ እግሩን ረገጥኩት። ባዶ እግሩን ስለነበር በደንብ ተሰማው።

እኛ ተለቀቅን፤ ጭራው ቀረ።

ከዚያ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ጭራው ከከተማው አዳራሽ መግቢያ ላይ ቆመ፤ ከበላዩም «በጉና ገበሬ ክንድ የተመታ የፋሺስት አውሮፕላን» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። መላኩ የፈለገው ነገር ሆነለት ማለት ነው፤ እንዲያውም የተሰባበረ ወንበር በሌለበት ክፍል። ይባስ ብሎ ስለ አውሮፕላን የሚያውቅ ሌላ ሰው ባለመገኘቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት እንግዶች አንተ አስረዳ ተባለ። በበዓሉ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ «አልዋሽም» አለኝ በመስታወቱ ውስጥ።

«አትዋሽ። ግን አሳጥረው።»

እንግዶቹ ገቡ። ከፊት ያሉት ትልቅ ሰው ጭራው ፊት ቆመው ጽሑፉን አነበቡና ወደ መላኩ ዞሩ።

«እስቲ ንገረን መምህር፣ ማን ነው የጣለው?»

ካድሬው ከጎናቸው ቆሟል። እኔ ከበሩ አጠገብ ነኝ፤ የነጠላዬን ጫፍ ጠምዝዤ ይዤዋለሁ። መላኩ ጭራውን አየው፤ ያን የተላጠውን አረንጓዴ።

«ጉና ነው የጣለው፣ ጓድ» አለ።

ትልቁ ሰው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ካድሬው ፈጠን ብሎ ገባና «የጉና ገበሬ ለማለት ነው» አላቸው። ፊታቸው ተፈታ፤ አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ ከሁሉ አስበልጬ። መላኩ ብቻ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

እውነት በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር የሚያልፈው፤ አስተርጓሚ ይዞ።