ክብርት ጠያቂና የሐሙሱ አልጋ

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ በዓለም ላይ ካሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ ሳይጠየቁ በቀሩ ነበር። የእኛዋ ከእኔ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖርም በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ “ክብርት ጠያቂ” ብሎ ሾሟቸዋል።

ክብርትነታቸው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ወዴት እንደሚሄድ ሾፌሩን ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ ትኬት ቆራጩን፣ ቀጥሎ አጠገባቸው የተቀመጠውን። ሁለት ፍሬ ቲማቲም ለመግዛት መቼ እንደተለቀመ፣ ማን እንደለቀመው፣ በምን ተጭኖ እንደመጣ ካላወቁ እጃቸው ቦርሳቸው ውስጥ አይገባም። ሰው ፊቱን ሲያጠቁርባቸው “ምነው፣ መጠየቅ ክልክል ነው እንዴ?” ይላሉ። አንድ ጊዜ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደጃችንን ሲቆፍሩ “ለምን እዚህ?” ብለው ሦስቴ ጠየቁ። አለቃቸው እሳቸውን ለመገላገል ሲል ፕላኑን ዘረጋ። ለካ መቆፈር የነበረበት ከማዶ ያለው መንገድ ኖሯል።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ደረጃ ላይ ሳያቸው እንዳይዙኝ በስልክ የማወራ እመስል ነበር።

አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ይጠጣል። አልፎ አልፎ ይቀምሳል ማለቴ አይደለም፤ ይጠጣል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብሎን ማሰር አቅቶት ሥራውን ትቷል። አንድ ሰኞ ጠዋት በራሱ አንደበት “ልታከም” አለኝ። ይህን ቃል ሦስት ዓመት ስጠብቅ ኖሬ፣ ሲመጣ ግን ወንድሜን ወዴት እንደምወስደው አላውቅም ነበር። ሐሳቡን ሳይቀይር ቦታ ማግኘት አለብኝ ብዬ ስልክ ላይ ተጣድኩ። አንዱ ጋ ስልክ አይነሳም። ሌላው ሞልቷል። ሦስተኛው “በሃያ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ እናድናለን፣ ዋስትና እንሰጣለን” አለኝ። በደስታ ደረጃውን ስወርድ በስልክ የማወራ መምሰሉን ረሳሁት።

“ወዴት ነው እንዲህ የሚያስሮጥህ?”

ነገርኳቸው። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እንኳ ሳያወርዱ ተከተሉኝ።

ዋስትና ሰጪው ግቢ አበባ በአበባ ነው። እኔ ወደ ቢሮው ሳቀና እሳቸው በር ላይ ካለው ጥበቃ ጋር ቆሙ።

“የኔ ልጅ፣ ታመው የገቡት ድነው ሲወጡ ታያለህ?”

“አያለሁ፣ እናቴ።”

“ተመልሰው ሲመጡስ?”

ጥበቃው አጎንብሶ ጫማውን አየ። “ምን ላድርግ፣ እሱንም አያለሁ።”

ሥራ አስኪያጁን ደግሞ ማታ ማታ ሐኪም ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። “በስልክ እንገኛለን” አላቸው።

“መጠጥ ያቆመ ሰው ሊያንዘፈዝፈው ይችላል ይባላል። ስልኩ ነው ደግፎ የሚይዘው?”

ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ሳልጠይቅ ወንድሜን ላስረክበው የነበርኩት እኔም አብሬው አፈርኩ።

ከዚያ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድን። የሱስ ሕክምና ክፍሉን የሚጠቁም ምልክት አልነበረም፤ ክብርትነታቸው ያገኙት የልብስ እጥበት ሠራተኛዋን ጠይቀው ነው። ከማጠቢያው ጀርባ፣ ቀለሙ የለቀቀ በር። እዚያ ግን እኩያቸውን አገኙ። ነርሷ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደመቻቸው፤ ምን ያህል ይጠጣል? ከመቼ ጀምሮ? አቁሞ በነበረ ጊዜ አንዘፍዝፎት ያውቃል? ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ሁለቱ ሲጠያየቁ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ በአድናቆት ፈዝዤ ቀረሁ። አልጋ የሚለቀቀው ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ግን ዛሬውኑ ያየዋል፤ እስኪያየው ድረስ በገዛ ራሱ መጠጡን ድንገት እንዳያቆም አለችን። ከወጣም በኋላ በየሳምንቱ ክትትል አለው።

“ድኖ ይቀራል?” አልኳት።

“ቃል አልገባልህም። ቢወድቅ ግን በሩ አይዘጋበትም” አለችኝ። ክብርት ጠያቂ እኔ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቁት አጡ።

ቤት እንደገባን “ቦታ አግኝተናል፣ ተነስ፣ ሐኪሙ ይጠብቅሃል፣ ሐሙስ ትተኛለህ” አልኩት። ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጠዋት የሰማሁት ቃል ከእጄ ሲያመልጥ ታወቀኝ።

ክብርትነታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። “አንተስ ምን ትላለህ? ከቀኑ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?”

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። እሳቸው ሜትራቸውን እየጠቀለሉ ጠበቁት። ይህን ችሎታቸውን እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር፤ ለካ ሴትዮዋ መልሱን ይጠብቃሉ።

“ጠዋት ነው፣ እትዬ” አለ በመጨረሻ። “ዛሬም ሥራ እንዳለው ሰው የመሣሪያ ቦርሳዬን ስከፍት።”

ሦስት ዓመት ሙሉ ተቆጥቼዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ፣ ፊቱ ቆሜ አልቅሻለሁ። ይህን ግን ጠይቄው አላውቅም። ወንድሜ ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ሐሙስ ገባ። ከወጣ ዛሬ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ትናንት ለክትትል አድርሼው ስመለስ ክብርትነታቸው ደረጃው ላይ ያዙኝ።

“አንተስ? እንቅልፍ ትተኛለህ?”

“እሱ ደህና ነው፣ እትዬ። ሐኪሙም…”

“እሱን መቼ ጠየቅኩህ?”

እጄን እንደ ልማዴ ወደ ስልኬ ሰደድኩና ተውኩት። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለመተኛቴን ስነግራቸው፣ እሳቸውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ።