የጋሽ ላርስ መመለሻ ፈቃድ

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ማን ያስቆመዋል? ውሻ እንኳ የሚጮኸው በሚገባው ላይ እንጂ በሚወጣው ላይ አይደለም። የዓለም መንግሥታትም ይህን ጥበብ ከውሻ ሳይማሩት አልቀሩም፤ መውጣት የማንም ነው፣ መመለስ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ይህን የተረዳሁት እኔ የትም ሄጄ አይደለም። ጎረቤቴ ስለሄዱ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ላርስ ይባላሉ፤ ስዊድናዊ ናቸው። በወጣትነታቸው ለአርሲ ገበሬዎች ኮምባይነር መንዳትና መጠገን ሊያስተምሩ መጡ። ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ቀዘቀዘባቸው መሰለኝ፣ ተመልሰው መጥተው እናቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ሙቀት ፍለጋ አሰላ የመጣ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላውቅም። ኦሮምኛቸው የኢተያ ገበሬ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛቸው ግን እንደ ክረምት መንገድ አልፎ አልፎ ያንሸራትታቸዋል። ለችግር ሁሉ አንድ መልስ አላቸው፤ «ራኮ ሂንቀቡ!» ችግር የለም ማለታቸው ነው። ችግር የለም የሚል ሰው ባለበት ግቢ ደግሞ ችግሩን የሚሸከም ሌላ ሰው አይጠፋም። በእኛ ግቢ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሥራዬ የእህል እርጥበት መለካት ነው። ገበሬው ገብሱን ሲያመጣ በትንሿ መሣሪያ እለካና «ደርቋል» ወይም «አልደረቀም» እላለሁ። ከዚያ እንደገና እለካለሁ። ከዚያ ደግሞ መሣሪያው ተሳስቶ ቢሆንስ ብዬ እጨነቃለሁ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ መቆለፌን ላረጋግጥ የምመለስ ዓይነት ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ማፍቀር አልነበረበትም፤ ግን አፈቀርኩ።

ጫልቱ ትባላለች፣ የኢተያ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ገመቹ ድሮ ኮምባይነር የተማሩት ከጋሽ ላርስ ነው። ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ሲሰሙ በጫልቱ በኩል አጭር መልእክት ሰደዱልኝ፤ ላርስ የሌለበት ሽማግሌ በሬን እንዳያንኳኳ፣ እሱ ዋሽቶኝ ስለማያውቅ ስለ ልጁ የምጠይቀው እሱን ነው የሚል። ቀኑም ተቆረጠ፤ ከፋሲካ ቀጥላ ያለችው እሁድ።

ታዲያ ጋሽ ላርስ ጾሙ ሊያልቅ ሲል ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሞምባሳ ደርሼ እመጣለሁ።» እህታቸው ለዕረፍት ኬንያ መጥታለች፤ ልቧ ደካማ ስለሆነ ሐኪሟ የእኛን ደጋ ከልክሏታል፤ ስለዚህ እሳቸው ወደ ባሕሩ ወርደው ሊያዩዋት ነው። የመመለሻ ፈቃድስ አልኳቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ፣ ለአጭር ጉዞም ቢሆን፣ ያለ መመለሻ ፈቃድ ድንበር ከተሻገረ መኖሪያው ሊሰረዝበት እንደሚችል አንብቤ ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤ ነበር። ጋሽ ላርስ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የክፍላቸውን ቁልፍ አወጡ። «ቤቴ እኮ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ራኮ ሂንቀቡ።»

ልብ በሉ፤ እኚህ ሰው ሞምባሳ ቢቀሩ የሚዘጋው የእሳቸው ክፍል ብቻ አይደለም፣ የእኔም ትዳር ነው። የሽማግሌዎቹ መሪ እንዲሆኑ የለመንኳቸው የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ግን ጭንቀቴ አሳቃቸው። «አንተ ልጅ፣ ስንወጣ ስንገባ ማን ጠይቆን ያውቃል?» አሉኝ። ጋሽ ታደሰ እዚሁ አርሲ ውስጥ ካለችው አቦምሳ አልፈው አያውቁም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ። የቀበሌያችንን ደብዳቤ የምትጽፈው እትዬ ዘነበች ናት፤ ጋሽ ላርስን እንደ ወንድሟ ትወዳቸዋለች። ደስ ብሏት ጻፈችልኝ። ደብዳቤው ጋሽ ላርስ የቀበሌያችን ተወላጅና ነዋሪ፣ ለቅሶ ደራሽ፣ ሠርግ የማይቀሩ፣ ጠባየ መልካም መሆናቸውን ያረጋግጣል። እኔም እንደ ልማዴ መረመርኩት። ቀኑ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ በትክክል አርፏል። እንከን አላገኘሁበትም።

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን በአዳማ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ የውጭ ዜጎች መስኮት ላይ ያለችው ወጣት ደብዳቤውን አነበበች፤ ጋሽ ላርስን አየች፤ እንደገና ደብዳቤውን አነበበች። «የአሰላ ተወላጅ ናቸው ይላል» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አዎ አልኩ እኮ! ገብስ ሁለቴ የምለካው ሰው! ያቺን ቃል ደጋግሜ አንብቤ ያለፍኳት ለካስ ለእኔም እውነት ስለምትመስለኝ ነው። ልጅቷ በትሕትና አስረዳችኝ፤ ተወላጅ ከሆኑ በውጭ ዜጎች መስኮት ምን ይሠራሉ፣ የውጭ ዜጋ ከሆኑ ደግሞ ደብዳቤው ይስተካከል። ጋሽ ላርስ ግን ከነገሩ ሁሉ የሰሙት ተወላጅ የምትለውን ብቻ ነው። ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሷት። «አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሏት። ስሟን ጠየቋት፣ ስለ እናቷ ጤና ጠየቋት፣ አሰላ እንድትመጣም ጋበዟት። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ እሳቸው ዘመድ አፈሩ።

ተመልሼ እትዬ ዘነበች ፊት ቆምኩ። «እትዬ፣ ማስረጃ የሌለውን ነገር መጻፍ አይገባም። ተወላጅ ለማለት የልደት ማስረጃ ያስፈልጋል» አልኳት። እንዲያው በምን አንደበቴ እንደዚያ አልኩ? እትዬ ዘነበች ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴ የሞተች ጊዜ ከድንኳን ያልተለየኝን ሰው የውጭ ዜጋ ብለሽ ጻፊ ትለኛለህ ማለት ነው?» አለች። ነው አልኳት። «እሺ» አለች፤ «ማስረጃ ወዳዱ! ያንተም ቀን ይመጣል።» ጻፈች፤ ማኅተሙንም የጠላቷን ራስ የምትመታ ያህል አሳረፈችው።

ፈቃዱ ወጣ። ጋሽ ላርስ ሲሄዱ ሚኒባሱ በር ድረስ እየተከተልኩ አንድ ነገር ደጋግሜ አስጠናኋቸው፤ ከየትኛውም በር ከመውጣትዎ በፊት የመመለሻ ፈቃድ በእጅዎ መሆኑን ያረጋግጡ፣ በቃል የተነገረ ዋጋ የለውም፣ ማኅተም ይኑረው። «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉኝ። እሳቸው እስኪመለሱ የበላሁትን አላውቀውም። እሁድ ሊነጋ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ ከች አሉ። ቁልፋቸውን አውጥተው በራቸውን ከፈቱና «አየህ? ይሠራል» አሉኝ።

በማግሥቱ ኢተያ ሄድን። እንደ ወጉ እኔ አልገባም፤ ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጬ የቀዘቀዘ ሻይ አማስላለሁ። ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ተሰማላቸው፣ ተቀመጡ። ኦቦ ገመቹ ላርስን ስለ እኔ ጠየቁ። ጋሽ ላርስም ልጁ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይጨነቃል እንጂ አሉ። ከዚያ ኦቦ ገመቹ የልጅ አባት ሁሉ የሚለውን አሉ፤ «እንመክርበታለን፤ ተመለሱ።» ይህ እንቢታ አለመሆኑን፣ ሽማግሌ ሳይመላለስ ልጅ እንደማይሰጥ አገር ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹም መርቀው ተነሡ።

ጋሽ ላርስ ግን አልተነሡም። ሁሉን አስቀድሜ ያሰብኩ እኔ ይህን ወግ ልነግራቸው አላሰብኩም! «የመመለሻ ፈቃድ ሳልይዝ አልወጣም» አሉ። ኦቦ ገመቹ «ተመለሱ አልኩህ እኮ፣ ሰውዬ!» ቢሏቸው፣ «በቃል የተነገረ ዋጋ የለውም። ልጁ ነው ያስተማረኝ። ማኅተም አለህ?» አሏቸው። ኦቦ ገመቹ የመመለሻ ፈቃዱን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ኮስተር አሉ። «ላንተ ፈቃድ አያስፈልግህም፣ ይህ ቤትህ ነው» አሏቸው። «ልጁ ግን ወረቀት የሚወድ ከሆነ፣ ስትመለሱ ከቀበሌው ደብዳቤ ያስይዛችሁ። ማን እንደሆነ ልወቀው።»

ወደ ማን እንደሄድኩ ልንገራችሁ? እትዬ ዘነበች ፈገግ ብላ ነው የተቀበለችኝ። ቀስ ብላ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ጻፈች። አሰላ ተወልጄ፣ አሰላ ያደግሁት እኔ እንዲህ ተባልኩ፤ «ግለሰቡ በቀበሌያችን የሚኖር መሆኑን እናረጋግጣለን። ተወላጅ ስለመሆኑ ግን የልደት ማስረጃ ስላላቀረበ የምናውቀው ነገር የለም።»

ይህን ይዤ ጋሽ ላርስ በር ላይ ቆምኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ማኅተሙ አነበቡት፤ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ራኮ ሂንቀቡ» አሉኝ። «አዲስ አበባ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ታወጣልሃለች።»