ለሳቅ ዋስ የሆኑት መምህር

ቀልድ ተናግሮ ሲያበቃ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የአዋሳው ግን ሥራዬ ብሎ ያስተምረው ነበር።

ክቡር መምህር ኃይለጊዮርጊስ፣ የሳቅ መርማሪ፣ የአስቂኝ ቴአትር አዕማድ ጠባቂ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ፊት ነው። ሰሌዳው ላይ አዕማዱን በቁም ጽሕፈት ይጽፋሉ፦ ንፉግ ጌታ፣ ብልጥ ገረድ፣ የተደበቀ ሰው፣ ዱላ። ተማሪ ፈገግ ካለ ጠመኔው ይቆማል፤ ጣታቸው ይነሣል።

«ለምን ሳቅሽ?»

«እንዲሁ ነው ጋሼ።»

«እንዲሁ አይሳቅም። ምክንያቱን አምጪና ሳቂ።»

አስካለ ምክንያት ፍለጋ ዓመቱን ጨረሰች። አንድ ቀን መናኸሪያ ውስጥ ከአውቶቡስ ጣሪያ የምትወርድ ፍየል ባርኔጣቸውን ነጥቃ ብትሮጥ፣ መምህር ፍየሏን ትተው የሳቀውን ተሳፋሪ በየተራ ጠየቁ ይባላል።

ርዕሰ መምህሩ ጓድ ካሳሁን ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አምና ቴአትርዎን ሊያይ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ገብቶ ጸጥ ብሎ ወጣ። ዘንድሮም ካልሳቀ የቴአትር ክበብዎ ይዘጋል፤ ሰዓቱ ለእርሻ ትምህርት ይሆናል።»

አስካለ ትምህርት ቤት የምትሄደው ለዚያ ክበብ ስትል ነበር።

ቀኑ ደረሰ፤ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። መጋረጃው ሳይከፈት መምህር ወጥተው እያንዳንዱን ቀልድ ለሕዝቡ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ማን ይሳቅ? ገረዷን የምትጫወተው አስካለ በመጨረሻ ጨርቅ የተጠቀለለበትን ዱላ የጥጥ ጺም ለጥፎ ንፉጉን ጌታ በሚጫወተው በሙሴ ላይ አነሣች።

«ተይ አንቺ! በሕግ አምላክ!»

የሰፈሩ አስታራቂ አቶ ኩማ ከፊት ወንበር ተነሥተው መድረኩ ላይ ወጡ።

«አባባ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? በጨዋታም ቢሆን ሽማግሌ ሲመታ ተቀምጬ አላይም። ሁለተኛ ላትመቺ ዋስ ጥሪ!»

ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። ወዲያው የመድረኩ የጎን መጋረጃ ተገለጠና ያቺ ጣት ብቅ አለች። «አለቀልን» አለች አስካለ በልቧ።

አቶ ኩማ ዞር አሉ። «መምህር፣ ዋስ ይሆኗታል?»

ጣቲቱ ወረደች። መምህር ባርኔጣቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«ጠባይዋን አውቃለሁ፤ ደህና ልጅ ናት። ዱላው ላይ ግን ትቸኩላለች» አሉ። ቀጥለውም እጃቸውን አንሥተው፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው፣ «እሆናታለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ካሳሁን እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር። መምህር «ለምን ሳቃችሁ?» ቢሉ ማን ይስማቸው!

ክበቡ ተረፈ። ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ ከዱላ ቀጥሎ አዲስ ዐምድ ተጽፎ ተገኘ፦ ገላጋይ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መምህር አረፉ። ታቦር ሰፈር በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አቶ ኩማ የዋስትናውን ነገር ቢያነሡ ለቀስተኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዝም አለ፤ ጥያቄውን እየጠበቀ። ጠያቂ ግን የለም።

አስካለ ጣቷን አነሣች።

«ለምን ሳቃችሁ?»

«እንዲሁ ነው ልጄ» አሉ አቶ ኩማ፤ «እንዲሁ ነው።»