ዝይዎቹ የመረጡት ጥሩምባ

ትናንት በሕልሜ፣ ሐይቃችን ላይ የሚንሳፈፉት ሰዎች ነበሩ፤ ደንገሉ ውስጥ አድፍጠው ጠመንጃ የሚወለውሉት ደግሞ ዝይዎች። ሰዎቹ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ውሃው ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ዝይ ሲበር እንደ ቀስት ጫፍ ይሰለፋል፤ ሰው ግን በሕልሜም ወረፋ ይዞ ነበር የሚንሳፈፈው። መጨረሻው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ ነው። አንዲት ሴትዮ ወደ ኋላዋ ዘወር ብላ «ተራዬን ያዢልኝ፣ መጣሁ» አለችና ጠለቀች።

እኔን ሁለት ዝይዎች ግራና ቀኝ ይዘው በጭቃው ላይ ይጎትቱኛል።

«ወዴት ነው የምትወስዱኝ?»

«ሱቅ» አለኝ በግራዬ ያለው። «ዕቃ ልታስመርጠን።»

ሱቁ ከደንገል የተሠራ ነበር። አዳኝ ዝይን በድምፅ እያታለለ ወደ ጥይቱ እንደሚያቀርባት ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንደ ዝይ የሚጮኽ መጥሪያ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይነፋል፣ ምስኪኗ ወገኗ የጠራት መስሏት ትወርዳለች። እዚህ መደርደሪያው ላይ የተደረደረው ግን የሰው መጥሪያ ነበር፤ የእንጨት፣ የቀንድ፣ የፕላስቲክ። ባለሱቋ ወፍራም ዝይ ናት፤ መነጽሯ ከምንቃሯ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። ከጎኗ የአደን ኮፍያ የደፋ፣ አንገቱ የረዘመ ወንድ ዝይ ቆሟል። ሁሉም ሻምበል ይሉታል።

«ና የኔ ልጅ፣ ቅረብ» አለች ባለሱቋ። «ሻምበል ዘንድሮ ሲጠራ ከረመ፤ አንድ ሰው አልወረደለትም። ልጆቹ እንኳ ይስቁበት ጀመር።»

«መጥሪያው ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ!» አለ ሻምበል።

አንዱን ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችው። ነፋው። «ዘይት መጥቷል! ዘይት መጥቷል!» አለ መጥሪያው፣ ልክ እንደ ሸማቾች ሱቅ ዘበኛ። ሐይቁ ላይ ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ መልሰው ደፉት።

ሌላ ሰጠችው። «የቤት ዕጣ ወጥቷል! መጥተው ስምዎን ይመልከቱ!» ይሄን ጊዜ ቀና ያለም የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሳቁ፤ ሳቃቸው ውሃው ላይ እየነጠረ እኛ ድረስ መጣ።

«ይሄኛውን ሞክር፣ አምና ብዙ ሰው ያወረደ ነው» አለች ሦስተኛውን እያቀበለችው።

«ስብሰባ አለ! አበል አለው!»

ሁለት ሰዎች ከወረፋው ወጣ አሉ። «የባለፈውስ የታለ?» አለ አንደኛው ለሌላው። ተመልሰው ገቡ።

 ሰው ለዘይት ስም እንኳ አንገቱን አቅንቶ መልሶ ሲደፋ ማየት አናደደኝ።

«አበላሽታችሁታል!» አልኳት። «ሰውን ስታታልሉት፣ ስታታልሉት ጨረሳችሁት። አሁን ለምን አይወርድም ትላላችሁ?»

ባለሱቋ መነጽሯን አወለቀች። «ኧረ በሕግ አምላክ! እኛ ከዘንድሮ በፊት መቼ ሰው ጠርተን እናውቃለን? ዕቃውን የገዛነው ከናንተው ሰዎች ነው። አገልግሎ አገልግሎ፣ ነፍሱ ወጥታ ነው የተረከብነው።»

 

ያኔ ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብላ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጨርቁን ሳትፈታው አወቅሁት። አፉ ጎበጥ ያለ የቆርቆሮ ጥሩምባ። የአባቴ ነው። አባቴ ሽብሩ የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ በየቅያሱ እየነፋ ይለፍፋል። ለዘይትም ለዕጣም አንገቱን የማያቀና ሰው ለዚያች ጥሩምባ ከአልጋው ይወርዳል። የታመመው በልጁ ትከሻ ተደግፎ፣ የተጣላው ከተጣላው ጋር ተከታትሎ ይወጣል። በዚያች ጥሩምባ ማንም ዋሽቶ አያውቅም።

«ከየት አመጣሽው?» ማክበሩን ረሳሁት።

«አባትህ ሐይቁ ላይ ናቸው። ሲንሳፈፉ ወደቀባቸው።»

አየሁ። አባቴ ወረፋው መሐል አለ። እናቴ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ከኋላው ትንሳፈፋለች።

«ሻምበልን አስተምረው» አለች ባለሱቋ። «ካስተማርከው እንለቅሃለን።»

«እነሱስ?»

«እነሱማ ይወርዳሉ። ለምን የምንማር መሰለህ?»

«እምቢ ብልስ?»

ሻምበል ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «እምቢ ካልክማ ጥሩምባው የሚነፋው ላንተ ይሆናላ።»

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አጣምሜ አስተምረዋለሁ! የዚህ ጥሩምባ ምስጢሩ ዝምታው ነው። አባቴ አንድ ረጅም ይነፋና ዝም ይላል። ሰው አልጋው ላይ የሚቀመጠው ሲነፋ ሳይሆን ዝም ሲል ነው፤ ማን ይሆን እያለ የሰፈሩን በሽተኞች በልቡ የሚቆጥረው ያኔ ነው። ሁለተኛው የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዝምታ የሌለው ጥሩምባ የሠርግ ነው። እንግዲያው ሻምበል ሳያቋርጥ ይነፋል፣ ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ ማንም አይወርድም።

ከሱቁ አልወጣንም፤ ግን ደንገሉ ውስጥ ወገባችን ድረስ ውሃ ገብተን ነበር። ዝይዎቹ ጠመንጃቸውን በደንገሉ መሐል አሹልከው ተደርድረዋል።

«ከጉንጭዎ አይደለም ሻምበል፣ ከሆድዎ ነው» አልኩት። «እንዳያቋርጡ። ሲደክምዎ ጨምረው ይንፉ።»

«እንዲህ?»

የሙሽራ መኪና የመሰለ ድምፅ አወጣ።

«ግሩም ነው!»

ባለሱቋ አንገቷን ዘመም አደረገች። «ሠርግ ሠርግ አይልም?»

«የዘንድሮ ሞት እንዲህ ሆኗል እትዬ» አልኳት።

«የሟቹስ ስም? ስም አይጠራም?»

«አያስፈልግም።»

ስም ካልተጠራ ማን ይወጣል ብዬ ነበር።

ሻምበል ደረቱን ነፍቶ ጀመረ። ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ። ሐይቁ ላይ ማንም አልተነቃነቀም። «ሠርግ ነው» ስትል ሰማሁ አንዷ። ልቤ ረጋ። ግን የዝይ አንገት ረጅም ነው፤ ትንፋሽ ከሆድ ተነስቶ ምንቃር እስኪደርስ መንገዱ ሩቅ ነው። ሻምበል መሐል ላይ ትንፋሽ አጠረው። ዓይኑ ፈጠጠ። ጥሩምባው ቀጥ አለ።

ዝምታ ሆነ።

ደንገሉ ብቻ ተንሿሿ። ሐይቁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቀና አለ። ሻምበል ሳል ሳል አደረገና ትንፋሹን ሰብስቦ ሁለተኛውን ነፋ።

«ወይኔ!» አልኩ።

ወረፋው ፈረሰ። ለዘይትም ያልፈረሰ ወረፋ እንዳልነበር ሆነ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ የድንኳን ቋሚና አግዳሚ ወንበር እየተሸከሙ፣ የእድሩ ጎላ ድስት ውሃው ላይ እንደ ጀልባ እየተገፋ መጡ። የሟቹን ስም የጠየቀ የለም። እኛ ሰፈር መጀመሪያ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ይጠየቃል። ይህን እንዴት ረሳሁት?

«ማን ነው?»

«እንጃ፣ ብቻ ቶሎ በዪ።»

«አይ የሰው ነገር! ትናንት ደህና አልነበረ?»

«ማን?»

«የሞተው ነዋ!»

እየተደናቀፍኩ ወደ ውሃው ሮጥኩ። «የሞተ የለም! ተመለሱ! ማንም አልሞተም!»

ከፊት የነበሩት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይፍሩ ቆሙ። አዩኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁና አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጎንበስ አሉ።

«አልነገሩትም» አሉ።

«ምኑን ነው ያልነገሩኝ?»

«ምንም የለም ልጄ። ምንም የለም። ቁርስ በልተሃል?»

የመርዶ ወጋችን ነው። ለሟች ቤተሰብ መጀመሪያ የሚነገረው የሞተ እንደሌለ ነው፤ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው እየተባለ እህል እስኪቀምስ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይቆያል። «የሞተ የለም» ብሎ እንደ መጮኽ ያለ የሞት ማረጋገጫ በአገራችን የለም። በጮኽኩ ቁጥር ልቅሶው በረታ።

«ዝይ ነው! የሚነፋው ዝይ ነው! ጠመንጃ ይዘዋል!»

«ተዉት ይለፍልፍ፣ ይውጣለት» አሉ ጎረቤታችን እትዬ በለጥሻቸው፤ ክንዴን ይዘዋል። «እናቱ ትሆን እንዴ?»

እናቴ እዚያው ከጎናቸው ቆማ ደረቷን ትደቃለች። «ልጄን! ልጄን! ማን ሞቶበት ይሆን?»

«እማዬ፣ ይኸው አለሽ እኮ!»

«አዎ አለሁ፣ አለሁልህ» አለችና ባሰባት።

ወደ ደንገሉ የሚያየው አባቴ ብቻ ነበር። ጆሮውን አቅንቶ ቆሟል።

«ይሄ የሰው ትንፋሽ አይደለም» አለ።

«አውቀኸዋል! በል መልሳቸው አባዬ፣ አንተን ይሰሙሃል!»

«ጥሩምባ ተነፍቶ እንዴት ይቀራል?» አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ። «እኔ ዛሬ ብቀር ነገ ስነፋ ማን ይወጣል?»

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። በዘይት ሲጠሩን የሚጠሩት ሆዳችንን ነው፤ ሆድ ይታለላል፣ ይሁን። እነዚህ ግን ሰው ሞተ ሲባል አልጋው ላይ መቅረት የማይችለውን ነገራችንን አገኙት።  ከአባቴ ፊት ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

ከደንገሉ ውስጥ የባለሱቋ ድምፅ ተሰማኝ፤ እንደ ጥሩ አስተማሪ ለስላሳ ነበር። «ይበቃል ሻምበል። ከቀረቡ በኋላ አይጠራም። ዝም ነው የሚባለው።»

ሻምበል ግን ጥሩምባው ጥሞት ነበር። እንደገና ነፋ።

ነቃሁ።

ነግቷል። ጥሩምባው ግን አላቆመም፤ ከደጃችን አልፎ ወደ ታችኛው ቅያስ ይሄዳል። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ጫማዋን ትፈልጋለች።

«ማን ነው እማዬ?»

«እንጃ። አባትህም አልነገረኝም። ተነስ፣ ውጣ።»

ወጣሁ። ሜዳው ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሰፈሩ ሁሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስም እስኪነገራቸው ይጠብቃሉ። ሬሳ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ ከጀርባው ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው። አባቴ ዳር ቆሟል። ጥሩምባዋ ከእጁ ተንጠልጥላለች።

«አባዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

አላየኝም። በአገጩ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመኝ። «ስማው። አሁን ይናገራል።»

ሰውየው ማይክራፎኑን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እንደምን አደራችሁ! በመኪና እየዞርን ስንጠራችሁ እምቢ አላችሁ፤ ዛሬ ግን ማሻ አላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ነው! ይህ ጥሩ ተሞክሮ ነው፣ ለሌሎችም ሰፈሮች እናሰፋዋለን። ወደ አጀንዳችን ስንገባ፣ ሐይቁ ዳር ለመዝናኛ ስለሚፈለግ፣ ከዚህ ሜዳ እስከ ውሃው ያለው ቤት በሙሉ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ይፈርሳል።»

 ከዚያ እትዬ በለጥሻቸው ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ኡኡታቸውን ለቀቁት።

«እናቴ» አላቸው ሰውየው በማይክራፎኑ፣ «ጥያቄና አስተያየት በመጨረሻ ነው።»