በሠርጋቸው ምሽት ስለተመታችው ኳስ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 2024

ቦታ፦ ባሆ ማንግሌ፣ የ«ሸርጣኖቹ» ቤዝቦል ክለብ ስታዲየም፣ ከተመልካች መቀመጫ ሥር ያለው መስኮት የሌለው ክፍል

ሰዓት፦ ለአሥር ሰዓት ተጠርቶ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. ዶን ኤፒፋንዮ ሮሳርዮ፣ ሰብሳቢ (ባለ ፋርማሲው)
2. ሊሰንሲያዶ (ባለ ዲግሪ ማለት ነው) ቶሪቢዮ ማቶስ፣ የክለቡ ጨዋታ መዝጋቢ
3. ዶኛ ኤርሲልያ ዴ ሌዮን፣ ገንዘብ ያዥ
4. ዶን ክሪስፒን ዴ ሌዮን፣ የቀድሞ ተጫዋች፣ የገንዘብ ያዧ ባለቤት
5. ኔልሲዶ ብሪቶ፣ ጸጉር አስተካካይ፣ «ጽሕፈትህ ያምራል» ተብሎ ሳይጠየቅ የተመረጠ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ አምስቱም አባላት መገኘት ሲኖርባቸው ዶን ክሪስፒን ኮሪደሩ ላይ ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር። ሲጠሩም «ይቺን ጨዋታ ሳልጨርስ ጳጳሱ ቢመጡም አልነሳ» ብለዋል። ስለዚህ የዶሚኖው ጠረጴዛ ወደ ስብሰባው ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ። ከጠረጴዛው ጋር ሦስት ተጫዋቾች አብረው ገብተዋል። ድምፅ እንደሌላቸው ቢነገራቸውም በስብሰባው ከሁሉም በላይ የተሰማው የእነሱ ድምፅ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ነገው ሰሌዳ

እንደሚታወቀው የኮሚቴው ሥራ በየማለዳው በስታዲየሙ በር ላይ «በዚህ ቀን» የሚለውን ሰሌዳ መጻፍ ነው። ሰብሳቢው የትናንቱ ሰሌዳ የክለቡን አውቶቡስ መበላሸት ለሦስተኛ ዓመት በማብሰሩ ሕዝቡ መሳለቁን ገልጸው፣ ለነገ ግን የሚያኮራ ነገር አለ ብለዋል። ነገ ዶን ክሪስፒን ኳሷን ከአጥር ውጭ አሻግረው ሆም ራን የመቱበት ሃምሳኛ ዓመት ነው። በዕድሜያቸው ሌላ አልመቱም፤ ያለቻቸው ያቺው አንዷ ናት።

ዶን ክሪስፒን ዓይናቸውን ከዶሚኖው ሳያነሱ «የልጅ ልጆቼ ተረት እየመሰላቸው ይስቁብኛል። አንድ ቀን በትልቁ ተጽፎ ቢያዩት ምናለበት?» አሉ። ተቃዋሚ አልነበረም። ጸሐፊው በጊዜ ወደ ቤቱ የሚገባ መስሎት ብዕሩን ሊከድን ሲል ዶኛ ኤርሲልያ እጃቸውን አወጡ።

ዶኛ ኤርሲልያ ቃላቸው እንዳለ እንዲጻፍ ስለጠየቁ እንዳለ ተጽፏል፦ «ዲሴምበር 14 ማታ ይሄ ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ ለቄሱ ‹እሺ› ሲል ነበር። ያውም አርፍዶ! ነገ እኮ የሠርጋችን ሃምሳኛ ዓመት ነው። በሠርጌ ሰዓት ኳስ ሲመታ ነበር ብላችሁ በር ላይ ልትሰቅሉብኝ ነው?»

ሊሰንሲያዶ ቶሪቢዮ መነጽራቸውን ጠርገው አስረዱ። ጨዋታው የተጀመረው ዲሴምበር 14 ነው፤ በሰባተኛው ዙር ላይ መብራት ሄዶ ተቋረጠ። የቀረውን ጃንዋሪ 6፣ በሦስቱ ነገሥታት በዓል ዕለት ተጫወቱት፤ ከአዲስ ዓመት በኋላ ክለቡን የተቀላቀሉት ሙሽራው ክሪስፒንም ያን ዕለት መቱ። ሕጉ ግን የተቋረጠ ጨዋታ እስከ መጨረሻው በተጀመረበት ቀን ይመዘገባል ስለሚል፣ ኳሷ የተመታችው ዲሴምበር 14 ነው።

ዶኛ ኤርሲልያ «ታዲያ እኔ ያን ማታ ያገባሁት ማንን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሊሰንሲያዶ ቶሪቢዮ ይህ ከመዝጋቢ ሥልጣን በላይ ነው፤ መዝገቡ የሚያውቀው መቺው ሜዳ ላይ እንደነበር ብቻ ነው ብለዋል። ከዶሚኖው ጠረጴዛ ሳቅ ተሰምቷል፤ ሥርዓት እንዲይዙ ተነግሯቸው አልያዙም።

ሰብሳቢው ኳሷ አጥር ተሻግራ የእናታቸውን ዶሮ መትታ እንደገደለች አስታውሰው፣ ዶሮዋ ዲሴምበር 14 ሞታለች ከተባለ ለዲሴምበር 25ቱ ገና የጣለቻቸው እንቁላሎች የማን ናቸው የሚል ጥያቄ አነሡ። ሰብሳቢው እንቁላሎቹን ራሳቸው እንደበሉ ስለሚያውቁ መልስ እስኪገኝ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው አሳስበዋል።

ከሰፊ ውይይት በኋላ የሚከተሉት ቀርበዋል፦

ሀ) ጋብቻው ወደ ሦስቱ ነገሥታት ቀን እንዲዛወር። ሰብሳቢው የክርስትና ልጃቸው፣ ማለትም የባልና ሚስቱ የበኩር ልጅ፣ በሴፕቴምበር እንደተወለደች አስታውሰው በጣታቸው ወር መቁጠር ጀመሩ። ዶኛ ኤርሲልያ «አበልጄ፣ ጣትህን ሰብስብ!» ስላሉ ሐሳቡ ድምፅ ሳይሰጥበት ወድቋል።

ለ) ኳሷ በጃንዋሪ ተመትታ በዲሴምበር እንደወደቀች እንዲቆጠር። በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ባለ ጉዳዩ ዶን ክሪስፒን ሲሆኑ፣ ምክንያታቸው ተራቸው ደርሶ የዶሚኖ ድንጋይ እየጣሉ መሆናቸው ነው።

ሐ) ዶሮዋ በሁለቱም ቀን እንደሞተች እንዲታመን። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ መዘግየት (በዶኛ ኤርሲልያ ጥያቄ የተጨመረ)

ዶኛ ኤርሲልያ ነገሩ ከተነሣ አይቀር የት እንደነበሩ ባለቤታቸው ዛሬ ይናገሩ አሉ። ሙሽራይቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ አበባዋ እስኪጠወልግ ጠብቃለች፤ አክስቶቿም «ቀረ፣ ቀረ» እያሉ አንሾካሹከውባታል። ባለቤታቸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ጎማ ፈንድቶብኝ ነው» እያሉ ኖረዋል። መኪና ግን አልነበራቸውም።

ዶሚኖው ቆመ። ዶን ክሪስፒን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛው ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦ «አጥሩ ጋ ነበርኩ። በሙሽራ ልብሴ። በዚያ ሳልፍ አንዲት ዙር ብቻ አይቼ ልሄድ ነበር። አንዲት ብቻ፣ አንዲት ብቻ እያልኩ ሰባተኛው ደረሰ። ከዚያ መብራት ሄደና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ።»

ሊሰንሲያዶ ቶሪቢዮ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው፣ መቺው ዲሴምበር 14 በስታዲየሙ እንደነበረ በራሱ አንደበት ስለተረጋገጠ መዝገቡ ግማሽ ያህል ትክክል ነው አሉ። የሰማቸው የለም።

ዶኛ ኤርሲልያ ዝግ ባለ ድምፅ «መብራት ባይሄድስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁ።

ጸሐፊው መልሱን ለመመዝገብ ብዕሩን ይዞ ጠበቀ። ዶን ክሪስፒን አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ከውጭ ሰፈሩ በሙሉ እንደተለመደው «ሄደ!» ብሎ ጮኸ። ከዚህ በኋላ ያለው በሊሰንሲያዶ ቶሪቢዮ ስልክ ብርሃን የተጻፈ ስለሆነ ለመስመሩ መጣመም ጸሐፊው ኃላፊነት አይወስድም። በጨለማው ውስጥ ሰብሳቢው ከወንበር ጋር ሲጋጩ ተሰማ። ቀጥሎ ዶኛ ኤርሲልያ የሚያለቅሱ መሰለን። እየሳቁ ኖሯል፤ መተንፈስ እስኪያቅታቸው ሳቁ።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይሄን መብራት ስረግም ኖሬ!» አሉ። «ለካ ባለውለታዬ ነው! ሻማ ማብራት የነበረብኝ ለቅዱሳኑ ሳይሆን ለመብራት መሥሪያ ቤቱ ነው!»

ዶን ክሪስፒን በዚያው ጨለማ «ኤርሲልያዬ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ቤቱ ነው የሄደው። እኔ መንገዱ እንኳ ሳይታየኝ ወዳንቺ ነው የሮጥኩት» አሉ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ደስ ብሎታል፤ ይህ ግን ከአጀንዳ ውጭ ነው።

ዶኛ ኤርሲልያ በመጨረሻ «ነገ የልጅ ልጆቹን በር ላይ አስቁሜ ኳሷንም፣ ዶሮዋንም፣ አጥሩንም እኔው እነግራቸዋለሁ። ተረት ነው የሚል ካለ እኔን ይጠይቅ!» አሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዶኛ ኤርሲልያ አቅራቢነት፣ ድምፅ የሌላቸው የዶሚኖ ተጫዋቾች ሳይቀሩ በጩኸት ደግፈውት፣ የሚከተለው ተወስኗል። ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኳሷ ያሻት ቀን ትውደቅ፤ ዶሮዋም በሰላም ትረፍ። የዶሚኖውም ጠረጴዛ ወደ ኮሪደሩ ይመለስ፤ መብራት ሲመጣ።

መዝጊያ፦ የግድግዳው ሰዓት አብሮ ስለቆመ፣ በሊሰንሲያዶ ቶሪቢዮ ግፊት ስብሰባው መብራት በሄደበት ደቂቃ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የተባለውና የተሳቀው ሁሉ በዚያችው ደቂቃ ተመዝግቧል። በነገው ሰሌዳ ላይም ይህችው ብቻ ትጻፋለች፦

«ዲሴምበር 14፦ በዚህ ቀን መብራት ሄደ።»

ኔልሲዶ ብሪቶ፣ ጸሐፊ