ሃያ ሺህ እርምጃ ስንት ነው?

አስመራ ውስጥ ርቀትን በኪሎሜትር የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው። እኛ የምንለካው በፌርማታ ነው። የሰምበል ሰፈር ስንት ይርቃል? አምስት ፌርማታ። የአክስቴ ቤትስ? ሁለት ፌርማታና ትንሽ በእግር። አንድ ጊዜ በሰምበል መንገድ ላይ ከነበሩት ፌርማታዎች አንዱ ተነሣ። ጎረቤቴ ይህን እንደሰማ፣ ሰምበል አሁን ቀርባለች፣ እዚያ ቤት ብከራይ ምን ይመስልሃል ብሎ አማከረኝ። አትሳቁበት። እኔ የሒሳብ መምህር ሆኜ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ነፃነት በመጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ያኔ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ይከፈት ነበር። ግድግዳ ሳይቆም ክፍል ይጀመራል። ተማሪው ሞልቷል፤ የጠፋው ደብተር ነው። ቪላጆ ጀኒዮ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የነበረች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት፣ ትምህርት ሳይጀመር ደብተሩን አደርሳለሁ ብላ ተዋዋለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዮናስ ይባላሉ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ትግርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ እሳቸው ባሉበት ሁላችንም አማርኛ እንናገራለን። እኛ ትግርኛቸው እስኪሻሻል እንጠብቃለን፤ እሳቸውም የእኛ አማርኛ እስኪሻሻል የሚጠብቁ ይመስለኛል።

ማተሚያ ቤቱ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ነበረው። ቢላዋው ያው ቢላዋ ነው። አዲሱ ነገር ከበስተኋላ ሆኖ ወረቀቱን ወደ ቢላዋው የሚገፋው ብረት ነው። ብረቱን አንድ ረጅም ብሎን ይነዳዋል፤ ብሎኑን ደግሞ በእርምጃ የሚሄድ ሞተር ያዞረዋል። ይህ ሞተር እንደ ማኪና ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም። ሰልፍ እንደሚማር ወታደር እየቆጠረ ይረግጣል። ሁለት መቶ እርምጃ ሲቆጥር አንድ ዙር ይሞላል። ቁጥር ትሰጡታላችሁ፤ ያን ያህል ይረግጥና ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ታዛዥ የት ይገኛል? ችግሩ፣ ሚሊሜትር የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። አንድ እርምጃው ስንት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የማሽኑ መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለነበረ እኔ ተጠራሁ።

ማሽኑን የምትይዘው ለተብርሃን ነበረች። ዐሥራ ሁለት ዓመት በረሓ የቆየች ታጋይ ናት። እዚያም ሥራዋ ይኸው ነበር፤ ከቋጥኝ ሥር በተቆፈረ ማተሚያ ቤት ወረቀት መቁረጥ። ታጋዮች ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የሚሉት። እኔ ሃያ ዓመት "እርስዎ" ስባል ኖሬ፣ በመጀመሪያው ቀን "አንተ መምህር፣ ሻሂ ትጠጣለህ?" ስትለኝ ትንሽ ቆረቆረኝ። ሻሂውን ግን ጠጣሁት።

አቶ ዮናስ ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነግረውናል። እስከ ሰኞ ማሽኑ በልኩ ካልቆረጠ የደብተሩ ሥራ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ማሽኑ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ለተብርሃንም የበር ዘበኛ ትሆናለች። እሳቸው ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ዘብ በየተራዬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ፣ ይበቃኛል" አለችኝ።

ሥራ ጀመርን። የደብተሩ ቁመት ሁለት መቶ ዐሥር ሚሊሜትር ነው። እኔም 210 ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ ሁለት መቶ ዐሥር እርምጃ ሄደ። ምን ያድርግ? ሌላ የነገረው የለም። አንድ ዙር ከምናምን ተዘዋውሮ ቆመ፤ ቢላዋው ወረደ። የወጣው ደብተር ሳይሆን ታሊያቴሌ የሚባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ነበር። ለተብርሃን አንድ እፍኝ ዘግና ለአቶ ዮናስ ወሰደችላቸው። "ዮናስ፣ ሱጎ ብቻ ነው የቀረው" አለቻቸው። እሳቸው አልሳቁም።

እኔም ከኪሴ ማስመሪያ አወጣሁ። በብሎኑ ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ለካሁ፤ አምስት ሚሊሜትር። ሁለት መቶ እርምጃ ለአምስት ሲካፈል አርባ። ስለዚህ አርባ እርምጃ አንድ ሚሊሜትር ነው። እንዲያውም በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት፤ የመምህር አመል አይለቅም። ይህንኑ ለማሽኑ ነገርኩት፤ ቆረጠ። ለዓይን እንከን የለውም። አቶ ዮናስ እጄን ጨበጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ለተብርሃን ሽፋኖቹን ከመጋዘን አመጣች። ሽፋኖቹ ቀደም ብለው ታትመው፣ በአሮጌው የእጅ ማሽን በልካቸው የተቆረጡ ናቸው። ገጾቹን ስታስገባባቸው ከሥር ሦስት ሚሊሜትር ያህል ወጡ፤ ከቀሚስ ሥር ብቅ እንዳለ የውስጥ ልብስ።

ምን ያልኩ ይመስላችኋል? ሽፋኖቹ ተኮማትረው ነው አልኩ። ወረቀቱ በምጽዋ ሙቀት አልፎ ወደ አስመራ ብርድ እንደወጣ፣ ሙቀትና እርጥበት ወረቀትን ምን እንደሚያደርጉ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር። ለተብርሃን አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ሄዳ በእጅ ማሽኑ አንድ እስር ወረቀት በሁለት መቶ ዐሥር ቆርጣ መጣች። ሽፋኑ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ይህም ወረቀት በምጽዋ ነው የመጣው አለችኝ፣ በትሕትና።

ሙቀቱን ተውኩት። አርባውን ግን አልተውኩም። በማስመሪያ ለክቻለሁ፤ ሁለት መቶ ለአምስት አርባ ነው፤ ይህ በየትም አገር አይለወጥም አልኩ። ማካፈሉን አልተጠራጠረችም። የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

"አንድ ወረቀት ስንት ይወፍራል?"

አንዱን በማስመሪያ መለካት አይቻልም አልኳት።

"እወ፣ አይቻልም። አምስት መቶውን ደርድረህ ትለካና ታካፍላለህ። ይህን እኛ በረሓም እናውቀዋለን። ታዲያ አንተ ይህን ሁሉ ብሎን በአንድ ጥርስ ለክተህ ተነሣህ? የሚገፋውን ብረት ሩቅ እንስደደው።"

ቅዳሜ ነበር። የቀረን እሑድ ብቻ ነው። 500 ብዬ ጻፍኩ። ሞተሩ እየቆጠረ ሄደ፤ ሃያ ሺህ እርምጃ። ሲቆም ለተብርሃን ብረቱ ከተነሣበት እስከ ቆመበት የብረት ሜትሩን ዘረጋች። አምስት መቶ ስምንት። ተቀብያት እኔ ለካሁ። አምስት መቶ ስምንት። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ለካሁ። መነጽሬ ንጹሕ ነበር።

ለካስ ብሎኑ በኢንች የተሠራ ነው። በአንድ ኢንች አምስት ጥርስ። አንዱ ዙር አምስት ሚሊሜትር ከስምንት መቶኛ ነው፤ የእኔ ማስመሪያ ደግሞ ስምንት መቶኛን የሚያይበት ዓይን የለውም። ትንሿ ስሕተት ሞተሩ በረገጠ ቁጥር እየተደመረች ደብተሩ ጫፍ ላይ ሦስት ሚሊሜትር ሆና ትወጣለች።

ወረቀት አውጥቼ ሁለት መቶን ለአምስት ነጥብ ዜሮ ስምንት ማካፈል ጀመርኩ። የማያልቅ ቁጥር ነው። ለተብርሃን እስክሪብቶዬን ያዘችው።

"ለምን ትደክማለህ? ማሽኑ ሁለት ነገር ነው የሚጠይቅህ፤ ስንት ረገጥኩ፣ ስንት ደረስኩ። ያየነውን ንገረው።"

ያየነውን ነገርነው። ሃያ ሺህ እርምጃ፣ አምስት መቶ ስምንት ሚሊሜትር። ከዚያ 210 ብላ ራሷ ጻፈች። ቢላዋው ወረደ። ገጾቹን ሽፋኑ ውስጥ አስገብታ አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ ቀስ ብላ አሳለፈች። ጣቷ የትም አልተደናቀፈም። ሄዳ ግድግዳው ላይ የጻፍኳትን አርባ በእጅጌዋ ጠረገቻት።

ሰኞ አቶ ዮናስ መቶ ደብተር በመቶ ሽፋን አይተው ሥራው እዚሁ ይቀራል አሉ። ደብተሩ በጊዜው ወጣ። ሲመረቅ አቶ ዮናስ ባደረጉት ንግግር ስለ ዘመናዊ ሳይንስና ስለ መምህሩ ጥልቅ ዕውቀት ተናገሩ። ብድግ ብዬ እውነቱን ልናገር ነበር። ሰው እያጨበጨበ ስለነበር ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበችው ለተብርሃን ናት፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሣ።

ውጭ ስንወጣ ውለታሽን በምን ልመልስ አልኳት። ወደ ትግል ሜዳ ስትወጣ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል እንዳቋረጠች ነገረችኝ። ከሥራ በኋላ የማስተምረው የአዋቂዎች ክፍል እንዳለ ሰምታለች። በደስታ መዘገብኳት። ያን ቀን ትልቅ ነገር የሰጠኋት መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ክበብ ሣልኩ። የክበብ ዙሪያ ለወርዱ ሲካፈል ሦስት ነጥብ አንድ አራት ይሆናል፣ ጻፉ አልኩ። ሁሉም ጻፈ። ለተብርሃን እጇን አወጣች።

"አንተ መምህር፣ በምን ለካኸው?"

ሃያ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለክቼው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገምቱት። ክፍሉ በሙሉ ገመድ ይዞ ተነሣ። ብርጭቆ ተለካ፣ ድስት ተለካ፣ የብስክሌት ጎማ ተለካ። በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ መጡ። በፕሮግራሙ መሠረት ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ መሆን ነበረባችሁ፣ የት ደርሳችኋል አሉኝ፣ ፊታቸውን ቋጥረው። ሦስት ነጥብ አንድ ላይ ደርሰናል፤ የቀረችውን ለማግኘት ትልቅ በርሜል እየፈለግን ነው አልኳቸው።

ሰሌዳውን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ለተብርሃንን አዩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከግቢው ጀርባ ያለውን የውሃ ታንከር ሞክራችሁታል?" አሉኝ።