ታካሚዋ ፎቶ ናት

ቡራዩ ውስጥ ታፔላ ለመስቀል ካሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እኔን አማክሩኝ። እኔ «የሥዕል ሕክምና» ብዬ አጽፌ ጉድ ሆኛለሁ። የተማርኩት ሰው ሥዕል እየሳለ ጭንቀቱን እንዲያወጣ ማገዝ ነው። ሥዕል የሚታከምበት ቤት ይመስላል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አንዱ ከሰበታ ድረስ የተሰነጠቀ የፎቶ ፍሬም ተሸክሞ መጣ። ሌላው ራጅ የማነሳ መስሎት ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ። በስንት ልመና አስቆምኩት!

አዴ ብርቄም የመጡት እንዲሁ ተሳስተው ነው። አዴ የምንለው እናታችንን ለሚያህሉ ሴት ነው። «አከም ቡልቴ ልጄ» ብለው እንዴት አደርክ እያሉኝ ገቡና ከጉያቸው አንድ ፎቶ አወጡ። አረብ አገር ሄዳ ድምጿ የጠፋ ልጃቸው ናት። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ክረምት ላይ ጣራው አፍስሶ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። ሲያላቅቁት ቀሚሷ ተረፈ፣ ፊቷ መስታወቱ ላይ ቀረ።

የማክመው ሰው ነው፣ እርስዎ ይሳሉ ብላቸው፣ «እኔ ምን ሆንኩና? የታመመችው እሷ ናት» አሉኝ። ሰው ይዞት የመጣውን ስሜት ተቀበሉ፣ አትከራከሩ ተብለን ነው የተማርነው። ተቀበልኩ። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ፊቷን በእርሳስ መሳል ጀመርኩ።

በየሳምንቱ ከገፈርሳ በሚኒባስ ይመጣሉ። ስለ አፍንጫዋ ስጠይቅ ስለ ሳቋ ያወራሉ። አገጯን ስስል፣ ወንድሟን ነክሳ ጎረቤት የተደበቀችበትን ቀን ይተርካሉ። እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ። ቅንድቧ ላይ ግን መስማማት አቃተን። ወፍራም ነበር ይላሉ፤ አወፍራለሁ። በሳምንቱ «ኧረ ቀጭን ነው፣ ልጄ!» ይላሉ፤ አቀጥናለሁ። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሳሳ። እናት የልጇን ቅንድብ ትረሳለች እንዴ? ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም።

እልህ ያዘኝ። አንድ ቅዳሜ ቅንድቡን ከራሳቸው ከአዴ ብርቄ ፊት ላይ ገለበጥኩና ሥዕሉን ጨረስኩት። ፎቶው ላይ ለጥፌ ሰጠኋቸው። አዩት። ሳሙት። «እሷው ናት» አሉ። የኔን ኩራት አትጠይቁኝ!

ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙ። «ገለቶሚ ልጄ፣ አመሰግናለሁ። ዳነች እንግዲህ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ታዲያ ካሁን በኋላ ምን ብዬ ልምጣ?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እንኳን ደስ አለዎት፣ መመላለሱ ቀረልዎት አልኳቸው።

በዚያው ቀሩ። ቅንድቡን ሲያወፍሩና ሲያቀጥኑ የከረሙት ለመምጫ ሰበብ እንደነበር የገባኝ ወንበራቸው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ምነው እጄን በሰበረው እላለሁ። አንድ ታካሚ እንኳ አዳንክ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ፎቶዋን አድኛታለሁ። የታመሙት ግን አስታማሚዋ ነበሩ።